የማን ልብ ነው?

ሰርካለም መሸሻ ሽሮ ሜዳ ተወልዳ ያደገች የሸማኔ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳን ተሻግሯል፤ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምራ፣ ከዊንጌት ወረድ ብሎ ባለ አንድ አነስተኛ የምርምር ማዕከል ውስጥ ትሠራለች። ሥራሽ ምንድን ነው ላላት ሰው ሁሉ በአጭሩ ማስረዳት ስለሚቸግራት፣ ክንዷን ዘርግታ የክርኗን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ትስበውና፣ «ይህን አየህ? ይሳባል፣ ይመለሳል፣ አይቀደድም። እኔ እንደዚህ የሚሳብ ሽቦ ለመሥራት ነው የምለፋው» ትላለች።

የምትሠራው ከመዳፍ የማይበልጥ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የሲሊኮን ቁራጭ ነው። በውስጡ የብር ብናኝ ባለበት ቀለም የተሣሉ መስመሮች እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ያልፋሉ፤ መጠማዘዛቸውም ደረት ሲሰፋ እንዲዘረጉ፣ ሲጠብ እንዲሰበሰቡ ነው። ቁራጩ ደረት ላይ ተለጥፎ የልብን ምት ያዳምጣል፤ የሰማውንም አጠገቡ ላለ ስልክ፣ ስልኩም ማዕከሉ ውስጥ ላለ ኮምፒውተር ይልካል። በወረቀት ላይ የተጻፈለት ረጅም ስም አለው። የሰርካለም አባት ግን ገና እንዳየው «ፕላስተር» ስላለው፣ ማዕከሉም ውስጥ ሰዉ ሁሉ ፕላስተር ማለት ለመደ።

ያስቸገራቸው እንቅስቃሴ ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ፕላስተሩ ሸጋ አድርጎ ይሠራል። ክንድ ሲወራጭ፣ ጡንቻ ሲኮማተር፣ ላብ ሲመጣ ግን መስመሮቹ ላይ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይወጣና የልቡ ምት በጫጫታ ይዋጣል። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር አምኃ ደግሞ በዚህ ነገር አይታገሡም። «የተኛ ሰው ልብ ለመለካትማ ሆስፒታሉ አለ አይደል እንዴ? እኛ የምንፈልገው እየሠራ የሚውል ሰው ልብ ነው» ይላሉ።

ቀኑን ሙሉ ክንዱን የሚያወራጭ ሰው ፍለጋ ሰርካለም ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሞልቷል። ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ሸማኔዎች ተገኙ፤ አባቷም ከእነሱ መሃል ልግባ አለ። እሷ ዘመድ መሆኑ አይበጅም ብላ ነበር። እሱ ግን «ከጓደኞቼ ለይተሽ ልታስቀሪኝ ነው?» ብሎ ስለተቀየመ፣ ዶክተር አምኃ ራሳቸው አነጋግረውና አስፈርመው አስገቡት።

አባቷ መሸሻ ከጨንቻ ተራሮች ወደ አዲስ አበባ የመጣው ወጣት ሆኖ ነው። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው፤ ብቻውን ማለትም አይቻልም፤ ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አሉ። እሳቸው ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው፤ ጥርት ያለው ድምፃቸው እስከ ዛሬ «ማንን ላገናኝዎት?» የሚል ይመስላል። ለጉለሌ የአያት የቅድመ አያት ሰው ናቸው። መሸሻ እንግዳ ሆኖ ሠፈሩ በገባ ጊዜ፣ ሸማኔን ከደጁ እንጂ ከማዕዱ የማያቀርብ ሰው ገና ብዙ ነበር። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በልጃቸው በዘመንፈስቅዱስ ክርስትና ዕለት ከአጥር ማዶ ጠሩትና ከዘመዶቻቸው መሃል አስቀመጡት። አንዲት አክስታቸው ተነሥተው ለመውጣት ቢያኮበክቡ፣ «ሲወጡ በሩን ይዝጉት፤ ብርድ ይገባል» ብለው ወጡን መጨለፋቸውን ቀጠሉ ይባላል። መሸሻ ይህን አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም። እሳቸው «አንተ መሸሻ» ይሉታል፤ እሱ ግን ይህን ሁሉ ዘመን «እትዬ፣ እርስዎ» እንዳለ አለ።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት ሰርካለም አዲስ ዓይነት ፕላስተር ይዛ መጣች። የመስመሮቹን ቅርጽ ለውጣ፣ በሁለት ንብርብር አድርጋ፣ ስንት ጊዜ ካበላሸች በኋላ ያወጣችው ነው። ሰኞ ጠዋት አባቷ ደረት ላይ ለጠፈችው፤ ለጥናቱ የተሰጠውን ስልክ በሸሚዙ ኪስ ከተተችለት።

«ቁጭ በይና ሻይ ጠጪ እንጂ» አላት።

«ታክሲው ሰልፍ አለው አባዬ። ሌላ ቀን።»

ማክሰኞ ከሰዓት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ያየችውን ማመን አቃታት። መስመሩ ንጹሕ ነው። አባቷ እግሩን የሸማ ዕቃው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ በሚልክበት በዚያ ሰዓት፣ ከዚህ በፊት ስክሪኑን እንደ በረዶ ዝናብ ይሞላው የነበረው ጫጫታ ደብዛው ጠፍቷል። ለማረጋገጥ ደወለችለት።

«አባዬ፣ ዛሬ እየሠራህ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የሰው ሰርግ ደርሶብኛል።»

«ፕላስተሩ አላስቸገረህም?»

«ኧረ እኔን ምንም አላስቸገረኝም!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ትንሽ ረዘም ማለቱን ያስተዋለችው ከብዙ በኋላ ነው።

ዶክተር አምኃ ከወንበሯ ጀርባ ቆመው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። ስሜታቸውን የሚያሳዩ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። የጥናቱን ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት ገምጋሚዎች በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ፤ ሥራው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። «ይህን ነው የምናሳያቸው» አሉ ዶክተር አምኃ፤ ቢሯቸው ገብተውም ለገምጋሚዎቹ የምሥራቹን ጻፉ።

ሐሙስ ጠዋት ሰርካለም ለገምጋሚዎቹ የሚታየውን ክፍል ለመምረጥ ተቀመጠች። ለሙሽራ ጥለት እንደሚመርጥ ሰው መልካም መልካሙን እየፈለገች መስመሩን ወደፊት ስትነዳው፣ ድንገት ልቡ ቆመ።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የገዛ ሥራዋን ነው። ተሰንጥቆ ይሆናል አለች። ነገር ግን መስመር ሲሰነጠቅ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከስክሪኑ ይወጣል። ይህኛው ጸጥ ያለ ነበር። በጸጥታው ውስጥ ትንንሾቹ ጉብታዎች፣ የልብ የላይኛው ክፍል ለታችኛው «ምታ» ብሎ ሲያዝ የሚታዩት፣ በየተራቸው ይመጣሉ። ከእነሱ ኋላ መከተል የነበረባት ትልቋ ሹል ግን የለችም። ትእዛዙ ይላካል፤ የሚሰማው የለም። ከቆይታ በኋላ ልቡ ከእንቅልፉ እንደ ባነነ ሰው ደንገጥ ብሎ መታና ቀጠለ።

ወደ ኋላ ሄደች። ረቡዕም ነበር። ማክሰኞም፣ ያን ያህል በተደሰተችበት በዚያ ንጹሕ ከሰዓት ውስጥ፣ ነበር። ያን ጊዜ ጫጫታው መጥፋቱን ብቻ ነበር ያየችው።

ረይሃና የልብ ሐኪም ናት፤ ጥናቱን ከሆስፒታል በኩል የምታግዛቸው እሷ ናት። ሰርካለም ምስሉን ልካላት ደወለች።

«ረይሃና፣ የላኩልሽን እዪልኝ። ሽቦሽ ተበላሽቷል በይኝ።»

ረይሃና ምስሉን ከፍታ አየችው። ከበስተኋላዋ የሆስፒታሉ ኮሪደር ትርምስ ይሰማል።

«ሽቦሽ ምንም አልሆነም» አለች በመጨረሻ። «ልብ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው መልእክት እየተቋረጠ ነው። የማን ልብ ነው?»

ሰርካለም ቦርሳዋን አነሣች።

«ሰርካለም? የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«በይ አትደንግጪ። ይዘሽው ነይ፤ ዛሬውኑ፣ ለነገ አይባልም። ብቻውን እንዳይሄድ፣ ደረጃ እንዳይወጣ። እኔ እጠብቅሻለሁ።»

አባቷ ስልክ አያነሣም። ራይድ ጠርታ ገባች፤ አዲሱ ገበያ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ወያላዎች ይጮኻሉ፣ እሷ ጉልበቷን ጨብጣ ከፊቷ ያለውን የሚኒባስ ጀርባ ታያለች። አባቷን ለመጨረሻ ጊዜ ተቀምጣ ያጫወተችው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረችና አቃታት። በየቀኑ አየዋለሁ ስትል ነው የከረመችው። ጠዋት ቢሮ ስትገባ ልቡ ስክሪኑ ላይ ይመታል፤ ማታ ስትወጣም ይመታል። ደኅና ነው ብላ ትሄዳለች። አሁን ግን ፊቱን ልታስበው ስትሞክር የሚመጣባት ያ አረንጓዴ መስመር ብቻ ሆነ።

ግቢው በር ላይ ስትደርስ የሸማ ዕቃው ድምፅ ተሰማት። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ከድንጋጤዋ ብዛት ድምፁ እንኳ አላጽናናትም። መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ሮጣ ገብታ ተንበረከከችና፣ መወርወሪያውን እንደያዘ የሸሚዙን ቁልፍ ትፈታ ጀመር።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ!»

ደረቱ ላይ ፕላስተር የለም። ተለጥፎበት የነበረው ቦታ ብቻ ትንሽ ፈካ ብሎ ይታያል።

መሸሻ የልጁን ፊት አየ። መወርወሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ማሽኑ አወቀ እንዴ?» አላት።

«ምኑን? ፕላስተሩ የት አለ?»

በአገጩ ወደ ቆርቆሮ አጥሩ አመለከተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከወር በፊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ አጥሩ ሥር ተዝለፍልፈው ወድቀው መሸሻ ነው ያነሣቸው። ጾሙ ነው አሉት። ጾሙ ከተፈታ በኋላም እንደገና ወደቁ። ሆስፒታል እንሂድ ቢላቸው ለማንም እንዳይናገር አስማሉት። ልጃቸው ዘመንፈስቅዱስ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ እናቱን ወደዚያ ለመውሰድ ሰበብ የሚፈልግ ሰው ነው። «ወደቀች ካሉት አራተኛ ፎቅ ላይ አውጥቶ ያስቀምጠኛል። ከዚያ ማን ያወርደኛል? ደጀ ሰላሙን ሳልረግጥ፣ የማውቀው ሰው ፊት ሳላይ ነው የምሞተው» ብለውታል።

«ታዲያ ፕላስተሩን እንዴት እሺ አሉህ?» አለች ሰርካለም።

«ሰኞ አንቺ እንደሄድሽ ወሰድኩላቸው። ሥራ አላሠራ አለኝ፣ ሰርኬም እንዳትቆጣኝ፣ እባክዎ ይያዙልኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ልጅ አይደሉም፣ ገብቷቸዋል። ማወቁን ይፈልጉታል፤ መጠየቁን ነው የማይፈልጉት። መስተዋታቸው ፊት ቆመው ራሳቸው ለጠፉት።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማልሁ እኮ። ለማንም ሰው አልናገርም ብዬ ማልሁ።» እጁን በጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ማሽን ግን ሰው አይደለም። ማሽኑ ከነገረሽ እኔ አልነገርኩሽም ብዬ ነው።»

ሰርካለም ትሳቅ ታልቅስ ጠፋት። መጨረሻ ላይ የመጣው ቁጣው ነው።

«አባዬ፣ አንተ ነህ ያልኩት እኮ! ከዊንጌት እስከዚህ ድረስ ሬሳህን እያየሁ ነው የመጣሁት!»

መሸሻ ይህን አላሰበውም ነበር። ያን ሁሉ ሲያውጠነጥን፣ ልጁ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ የምታየውን ልብ የእሱ አድርጋ እንደምታየው አንዴም አልመጣለትም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይህስ አልታሰበኝም። ይቅር በይኝ ልጄ» አላት።

ሌላው ነገር የገባት ያኔ ነው። ያ ጸጥ ያለ መስመር ጸጥ ያለው ሽቦዋ ስለተሻሻለ አልነበረም። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ዳዊት የሚደግሙ ሴት ደረት ላይ ስለነበረ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ያላት ትልቁ ድል እዚያው፣ በሸማ ዕቃው ጉድጓድ ጫፍ ላይ ተንበርክካ ሳለች፣ ከእጇ ወጣ። ለማዘን ግን ጊዜ አልነበራትም። አባቷን ከጉድጓዱ ጎትታ አወጣችው፤ ተያይዘው ወደ ጎረቤት ሄዱ።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በራፋቸው ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ዳዊታቸው ጭናቸው ላይ፣ የጥናቱ ስልክ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ነው። አባትና ልጅ ተከታትለው ሲገቡ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተናገርክ መሸሻ?»

«አልተናገርኩም እትዬ። እሱ ነው የተናገረው» ብሎ ስልኩን አሳያቸው።

ሰርካለም አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። የተማረችው ደንብ ሁሉ አእምሮዋ ውስጥ ተሰልፏል፤ የሐኪም ሥራ የሐኪም ነው፣ ከሐኪም በፊት ስለ በሽታ አትናገሪ ይላል። «እትዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለቻቸው። «አንዲት ሐኪም ግን አይታው አሁኑኑ ይዘሻቸው ነይ ብላኛለች። መኪና እጠራለሁ፣ አብረን እንሄዳለን።»

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ልብ ሰባ ዘመን ሲሠራ ማን ጠየቀው? ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ስልክ ሳገናኝ አድሬ፣ ጠዋት ልጄን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ፣ አንድም ቀን ደከመኝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን አርጅቷል። ያረጀ ነገር ያንቀላፋል። አንቺ ይህን ይዘሽ ለዘመንፈስቅዱስ ደውለሽ ብትነግሪው እኔ…»

ንግግራቸው ተቋረጠ።

ሰርካለም ያን ጊዜ ስልኩን አንሥታ በእጇ ይዛው ነበር። መስመሩ ሲተኛ አየችው። ትንሿ ጉብታ መጣች፣ ሌላዋም መጣች፤ ትልቋ አልተከተለቻቸውም። ዓይኗን ስታነሣ የወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ፊት አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው ተከፍቶ አያይም፤ አንገታቸው ወደ ጎን ዘንበል ይላል። ስልኩን ጥላ ሁለት ትከሻቸውን ያዘቻቸው። መሸሻ ከኋላ ወንበሩን ደገፈ። በአንድ እጇ ፊታቸውን ስትነካ ቆዳቸው ቀዘቀዛት። ያን መስመር ሁለት ቀን ሙሉ ስታየው ከርማለች፤ ቅዝቃዜ እንዳለው ግን አላወቀችም ነበር። «እትዬ! እትዬ ወለተ ሥላሴ!»

ከዚያ ደም ወደ ከንፈራቸው ተመለሰ። ዓይናቸውን ርግብ ርግብ አደረጉ።

«…እኔ ቤቴን አለቅም ነው የምልሽ» አሉ፤ ካቆሙበት ቀጠሉ። ምንም እንዳልተፈጠረ ነው። ከዚያ ግን መሬት ላይ የወደቀውን ስልክና ትከሻቸውን የጨበጡትን እጆች አዩ።

«ምን ሆናችሁ? ለምንድን ነው የያዛችሁኝ?»

ሰርካለም ስልኩን ከመሬት አነሣች። የተናገረው መሸሻ ነው።

«እትዬ፣ አሁን እኮ ሄደው መጡ።»

«ወዴት?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ለጥቂት ጊዜ የግቢያቸውን አፈር አዩ። አማተቡ። እጃቸው አንገታቸው ሥር፣ ከማተባቸው ጎን ወዳለው ፕላስተር ሄዶ ነካ አደረገው።

«ነጠላዬን አቀብለኝ መሸሻ» አሉ። «በሩንም ቆልፍ። ቁልፉ አንተ ጋ ይሁን።»

ረይሃና የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሰርካለም አባቷን ይዛ ትመጣለች ብላ የጠበቀችው ሐኪም፣ ከመኪናው አሮጊት ሴት ሲወርዱ ስታይ አንዴ ሰርካለምን አየቻት፣ ምንም ሳትጠይቅ ተሽከርካሪ ወንበሩን አቀረበች። በሆስፒታሉ ማሽንም ያው ሆኖ ተገኘ። ልብ ሲዘነጋ የሚያስታውስ ትንሽ ባትሪ ያለው መሣሪያ ከቆዳቸው ሥር መቀበር ነበረበት፤ መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ ተኝተው ጠበቁ። መጠበቁ ቀላል አልነበረም። ሰርካለም ከሥራ መልስ እየመጣች ከአልጋቸው ጎን ትቀመጣለች፤ አባቷ ደግሞ የሰውን ሰርግ ልብስ አስረክቦ በየቀኑ ይመጣል። ዘመንፈስቅዱስም ሰምቶ መጣ። ግዙፍ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የእናቱን እግር ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወዲያው ግን «አሁንስ ወደ እኔ ቤት ነው» ማለቱ አልቀረም። እናትየው አልጋው ላይ ሆነው፣ በዚያ በኦፕሬተር ድምፃቸው፣ «መስመሩ ተይዟል፤ ቆይተህ ሞክር» አሉት። ክፍሉ ውስጥ የነበረ በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። ለጊዜው ቤታቸው እንዲቆዩ፣ አንዲት ዘመድም አብራቸው እንድታድር ተስማሙ። ለጊዜው ነው፤ ዘመንፈስቅዱስ ተስፋ አልቆረጠም።

ማዕከሉ ውስጥ የነበረው ነገር ሰርካለምን ከዚህ ይልቅ ከበዳት። ለዶክተር አምኃ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ሴትዮዋ አልፈረሙም» አሉ።

«አልፈረሙም።»

«ስለዚህ የሳምንቱ መረጃ በሙሉ ይጣላል። ለሥነ ምግባር ኮሚቴውም እናሳውቃለን፤ ኮሚቴው አይቶ እስኪፈቅድ ጥናቱ ይቆማል።»

«አዎ።»

«ለገምጋሚዎቹ ጽፌላቸዋለሁ እኮ ሰርካለም።»

«አውቃለሁ።»

ዶክተር አምኃ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከመስኮቱ ውጪ የዊንጌት ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ። ሰርካለም ዶክተሩን በልቧ ጠረጠረቻቸው፤ ትንሽ እናቆየው፣ ገምጋሚዎቹ ይሂዱና እንናገር ይሉኝ ይሆን አለች። እንዲሉም በከፊል ፈልጋ ነበር፤ ኋላ ይህን ስታስበው አፍራለች።

«በጣም ቆንጆ መስመር ነበር» አሉ ዶክተር አምኃ፤ ስለ ሟች እንደሚያወራ ሰው ነው። ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡና ለገምጋሚዎቹ መጻፍ ጀመሩ።

ገምጋሚዎቹ ሲመጡ ሰርካለም ያላትን አሳየች። የሸማኔዎቹን መስመር ከነጫጫታው አቀረበች። ስለተጣለው ሳምንትም ስም ሳትጠራ ተናገረች። ከመሃላቸው አንዱ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣ «ታዲያ ባጭሩ ምን አላችሁ?» አላት።

«ተቀምጦ የሚውል ሰው ላይ ይሠራል» አለች። «እየሠራ የሚውል ሰው ላይ ገና ነው።»

ሌላዋ ገምጋሚ ያላሰበችውን ጥያቄ ጠየቀቻት። «ያ መስመር ማክሰኞ ዕለት ገብቷል። እስከ ሐሙስ ማን አየው?» የሚመጣውን መረጃ በየቀኑ በሐኪም ዓይን የሚያይ ሰው እንደሚያስፈልግ ከማዕከሉ ሰዎች አንድም ሰው አስቦ አያውቅም። ሁሉም የሚያየው ጫጫታውን ነበር። ውሳኔው ሲመጣ ደስ የሚያሰኝም የሚያሳዝንም ሳይሆን ቀረ፤ አጠር ያለ ጊዜ ተሰጣቸው፣ ረይሃና ወይም ሌላ ሐኪም መረጃውን በየዕለቱ እንዲያይ ግዴታ ሆነ። ኮሚቴውም አገላብጦ ካየ በኋላ ፈቀደ። አዲሱ ፕላስተር እንደገና መሸሻ ደረት ላይ፣ በዚህ ጊዜ በእውነት እሱ ደረት ላይ ተለጥፎ ዋለ። ጫጫታው እንዳለ ነው። ከበፊቱ ትንሽ ቀነስ ብሏል፤ ትንሽ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰርካለም ወይዘሮ ወለተ ሥላሴን ልትጠይቅ ገባች። ከሆስፒታል ወጥተው ሰንብተዋል፤ ፊታቸው ላይ ደም አለ። ከአንገት ሥር አጥንታቸው በታች እብጠት የምትመስል ትንሽ ነገር ትታያለች፤ እየደጋገሙ ይነኳታል።

«ይህን የሠሩት ሰዎች የት ነው ያሉት?» አሏት።

«ብዙ ቦታ እትዬ። አንዱ ባትሪውን፣ አንዱ ሽቦውን ነው የሚሠራው። ሁሉም የየራሱን።»

«ማን ውስጥ እንደገባ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቅዳሴ ላስጠራቸው ብዬ ስማቸውን አጣሁ። ቄሱን ብጠይቃቸው እግዚአብሔር ያውቃቸዋል አሉኝ። ማወቁንማ ያውቃል። ግን እኔም ባውቃቸው ደስ ይለኝ ነበር። ስንት ዘመን ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ የእኔን መስመር የቀጠለውን ሰው ድምፅ እንኳ ሳልሰማ።» ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ «ያንቺን ግን አገኘሁ። የክርስትና ስምሽን ከአባትሽ ጠይቄ ካስጠራሁሽ ሰነበትኩ።»

ሰርካለም ፊቷ ሞቀ። «እትዬ፣ የእኔ እኮ ገና ነው። የሚሠራ ሰው ላይ እንቢ እንዳለ ነው። የሚሳካ ይሁን አይሁን አላውቅም።»

«ታዲያ ጸሎት ላላለቀ ነገር አይደለም እንዴ? ላለቀማ ምስጋና ነው» አሉና፣ ፀሐይዋ ሸሽታባቸው ስለነበር ወንበሩን እንድታስጠጋላቸው ጠየቋት።

አስጠጋችላቸው። ሥራ ነበረባት፤ ታክሲውም ሰልፍ አለው። ግን ሌላ ወንበር አምጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።